ሰደርያ ውስጥ የተሰፋ ዓይን

ኦሊምቢ ሰደርያውን የሰፋችው በዳሰሳ ነው። ግራ ዓይኗ ካምና ጀምሮ ጨልሟል፤ ቀኙም ቢሆን በርን ከመስኮት፣ ሰውን ከዛፍ ለመለየት ያህል እንጂ የመርፌ ቀዳዳ የሚያሳይ አልነበረም። ስለዚህ ባሏ ቫንጄል ክሩን በመርፌው እያሾለከ ያቀብላታል፤ እሷ ደግሞ በገበሩና በጨርቁ መካከል የተነጠፈውን የወረቀት ገንዘብ እየዳበሰች ትሰፋለች። አንድ ሁለቴ መርፌው ጣቷን ሲወጋት እንኳ ትንፍሽ አላለችም፤ የምትሰፋው የገዛ ዓይኗን ነበርና።

ግሪክ አገር ተሰሎንቄ ያለው ሐኪም ነገሩን አላድበሰበሰባቸውም። "ቀኙን እስከዚህ ወር መጨረሻ ካመጣችሁልኝ አተርፈዋለሁ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ባትደክሙ ይሻላል" ነበር ያላቸው። ቫንጄል ይህን ሰምቶ ከድንበሩ ወዲህ ተራራ ላይ ወዳለችው ከተማቸው ወደ ኤርሰካ እንደተመለሰ ከአባቱ የወረሰውን የፖም እርሻ ሸጠው። ሲሸጠው አልቅሷል፤ ግን ሸጠው። ይህን የምነግራችሁ ሰውየውን በክፉ እንዳታዩት ብዬ ነው። ክፉ አልነበረም። ደረቅ ነበር።

በጉዞው ጠዋት ሰደርያውን ከሸሚዙ ላይ ደርቦ ቁልፉን እየቆለፈ፣ "ስሚኝ ኦሊምቢ" አላት። "መንገድ ላይ ማንም ቢጠይቅሽ፣ ሾፌርም ይሁን ፖሊስ፣ ቄስም ቢሆን፣ 'ገንዘብ ይዛችኋል ወይ' ካለሽ መልስሽ አንድ ነው። የለም።"

"የለም።"

"እኔ ራሴ 'ንገሪ' እስክልሽ ድረስ።"

"አንተ 'ንገሪ' እስክትለኝ።"

"ቃል?"

"ቃል" አለች።

በነዚያ ተራሮች ላይ የሰጡትን ቃል ማጠፍ ሰው መሆንን እንደመተው ይቆጠራል። ቃሉን ያጠፈ ሰው ሰርግ አይጠራም፤ ሲሞትም ሬሳውን የሚሸከምለት በግድ ነው። ኦሊምቢ ደግሞ በትዳር ዘመኗ ሁሉ ለባሏ ሰጥታው ያጠፈችው ቃል አልነበረም።

"ለኔስ ትንሽ ሳንቲም ብትሰጠኝ?" አለችው ኮቷን እየለበሰች። "ድንገት ውሃ ቢያምረኝ።"

"እኔ የት ሄጄ? ውሃ ሲያምርሽ 'ቫንጄል' በይኛ።"

እንዲህ ነው የኖሩት፣ ጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። የቤቱ ገንዘብ በአባወራው ደረት ላይ ይጓዛል፤ ባሏ በሕይወት ያለ ሴት መንገድ ላይ ቦርሳዋን ከፍታ ከከፈለች "ሰውየው ምን ሆኖ ነው?" ይባላል። ኦሊምቢም ጥቁር የእጅ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ቦርሳው ውስጥ የነበረው መሐረብ፣ የተቀቀለ እንቁላልና የሐኪሙ ወረቀት ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ውስጥ ከነሱ ትይዩ የተቀመጠችው የታች ሰፈሩ የዳቦ ጋጋሪ የቶማ ልጅ ሆና ተገኘች። ሌዲና ትባላለች። ተሰሎንቄ የሂሳብ አያያዝ ትማራለች፤ ዕረፍቷን ጨርሳ መመለሷ ነበር። ደግ ልጅ ናት፤ አንድ ችግር ብቻ አለባት። የምታውቀውን ነገር ይዛ ዝም ማለት አትችልም።

"እትዬ ኦሊምቢ፣ እንዴት ነዎት? ዓይንዎን ሊታከሙ ነው አሉ" ብላ ሁለቱንም ሳመቻቸው። ስለ እናቷ ተጠየቀች፣ ስለ ትምህርቷ ተጠየቀች፣ መች እንደምታገባም ተጠየቀች። ከዚያ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲይዝ ቫንጄልን አየት አድርጋ፣ "ጋሽ ቫንጄል፣ ደረትዎን ያምዎታል እንዴ?" አለችው።

"ኧረ ደህና ነኝ። ምን አየሽ?"

"ከኤርሰካ ከወጣን ጀምሮ ሲዳብሱት ነው ያየሁዎት።"

"ብርድ ነው።"

ሌዲና ሳቀች። "ብርዱን ገበሩ ውስጥ ሰፍተውት እንዳይሆን። አባቴም ነፍሱን ይማረውና እንዲህ ነበር የሚያደርገው።"

ኦሊምቢ ክው አለች። ከፊታቸው የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ወሬያቸውን አቋርጠው ጆሯቸውን ሲጥሉ ባታያቸውም ተሰማት። ቫንጄል ነገሩን አስተባብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ግን በልጅ መሳቂያ መሆን አልሆንልህ አለው።

"ብሰፋውስ? ያንቺን ሰፋሁት?"

"ይቆጡኝ እንጂ ልናገር፤ ዝም ብል ይጸጽተኛል። የሆስፒታሉን ክፍያ እኮ ከኤርሰካ ባንክ መላክ ይችሉ ነበር። ደረሰኙን ብቻ ይዘው እጅዎን እያወዛወዙ ይገባሉ።"

"ሰውየውን ሳላየው ገንዘቤን?"

"ሐኪሙን አይተውታል።"

"ሐኪሙን እንጂ ባንኩን አላየሁትም። ልጄ፣ አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። 'ገንዘባችሁን አምጡ፣ በሦስት ወር እጥፍ አድርገን እንመልስላችኋለን' ያሉን ጊዜ መስታወት በመስታወት የሆነ ቢሮ ነበራቸው፣ ክራባት ነበራቸው፤ እንዳንቺ ጥርሷ የሚያምር ልጅም መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ነበር። ግሪክ አገር ድንጋይ እየጠረብኩ ያጠራቀምኩትን በሙሉ በዚያች መስኮት አስገባሁ። ከዚያስ? ልጅቷም የለች፣ ገንዘቡም የለ፣ ቢሮው ዛሬ ጫማ ይሸጥበታል።"

አውቶቡሱ ላይ ከተሳፈሩት ትልልቅ ሰዎች መካከል ያ መዓት ቤቱን ያላንኳኳበት አልነበረም። አንዳንዱ ቤቱን ሸጦ ነበር ያስገባው፤ በዚሁ ጠብ ወንድሙን በጥይት የመታም አለ።

"እነዚያ ባንክ አልነበሩም ጋሼ" አለች ሌዲና ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ቢሮ የተከራዩ ሌቦች ናቸው።"

"በምን ይለያሉ?"

"በሕግ ይለያሉ። ዛሬ ባንኩ ቢወድቅ እንኳ ገንዘብ ላስቀመጠው ሰው የሚመለስበት ዋስትና አለ።"

"ዋስትናውን የሚሰጠው ማነው?"

"መንግሥት ነዋ።"

"እንግዲህ አንቺው ጨረስሽው" አለ ቫንጄል፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ።

ሌዲና ፊቷ ቀላ፤ ግን እጅ አልሰጠችም። "እሺ፣ ሁሉንም ለባንክ አይስጡ። ቢያንስ ይከፋፍሉት። የሆስፒታሉን በባንክ ይላኩ፤ ለመንገድና ለመኝታ የሚሆነውን ካርድ ላይ ያድርጉት፤ ለምሳና ለታክሲ ትንሽ ዩሮ ኪስዎ ይያዙ። ለእትዬ ኦሊምቢም የራሳቸውን ይስጧቸው። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይተርፋል።"

"ሦስት ቦታ አስቀምጬ ሦስት ቦታ ልጨነቅ? ደግሞ ካርድ ትላለች። ጎረቤታችን ሶቲር ልጁን ሊጠይቅ ሮም ሄዶ በካርድ ምሳ በላ። ማሽኑ 'በአገርህ ገንዘብ ላስላልህ ወይ' አለው፤ እሱም አገሩን የሚወድ ሰው ነው፣ 'አዎ' አለ። ቤቱ ገብቶ ሂሳቡን ሲያይ ለአንድ ምሳ የአንድ ተኩል ዋጋ ከፍሏል።"

"የካርዱ ጥፋት አይደለማ። ማሽኑ እንደዚያ ሲጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ 'አይ፣ በእናንተው ገንዘብ' ነው። 'አዎ' ካሉት ምንዛሪውን እንዳሻው ይቆርጠዋል። ጋሽ ሶቲር አገራቸውን ይውደዱ፤ ማሽኑን ግን 'አይ' ይበሉት።"

"እሱን ለሶቲር ንገሪው።"

"ካርድ ደግሞ ቢሰረቅም የሚስጥር ቁጥር አለው። ቁጥሩን ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። እትዬ ኦሊምቢ ቢኖራቸው ለምሳሌ፣ ቁጥራቸውን ለርስዎም አይነግሩዎትም።"

"ምን አልሽ?" ቫንጄል ወደ ሚስቱ ዞረ። "ሰማሽ? ከባሏ የምትደብቀው ቁጥር ይሰጧታል።"

ከኋላ ወንበር አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "የኔዋ ቁጥር ሳይሰጣት እንኳ የምትደብቀኝ መች አነሰ" አለ፤ እንደገና ተሳቀ። ኦሊምቢም ፈገግ አለች። ውስጧ ግን አልሳቀም። 'ለእትዬ ኦሊምቢም የራሳቸውን ይስጧቸው' የሚለው ቃል ሆዷ ገብቶ ቀርቷል። ቫንጄልን ጎሸም አድርጋ "እስቲ ልጅቷን ስማት" ልትለው ፈለገች። ሰው በተሰበሰበበት ባሏን ማሳነስ መሰላትና ተወችው።

"እሺ የመጨረሻ ልጠይቅዎት" አለች ሌዲና። "ካርድ ቢጠፋ ባንኩ ጋ ይደወልና ይዘጋል፤ ገንዘቡ ካለበት አይነቃነቅም። ሰደርያው ቢጠፋስ?"

ቫንጄል ይህን ጥያቄ ሲጠብቀው የቆየ መሰለ። ደረቱን ነፍቶ፣ "ሰደርያ ከሰውየው ተለይቶ አይጠፋም ልጄ" አለ። "እኔ ከጠፋሁ ደግሞ ገንዘቡ ምን ያደርግልኛል?"

ሰዉ "በላት፣ በላት" አለ። ሌዲናም ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ መስኮቷ ዞረች።

እዚህ ላይ ልጅቷንም ዝም ብዬ አላልፋትም። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ግን በአንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሽማግሌ ደረቱ ላይ ምን እንደተሸከመ ጮክ ብሎ መናገር የተማረ ሰው ሥራ አይደለም። ሳቁ እንዳለቀ ቫንጄል ወደ ሚስቱ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ይቺ አፈኛ አገር ምድሩን ሁሉ አሳውቃብናለች" አላት። "ቃልሽን እንዳትረሺ።"

"አልረሳሁም" አለች።

ድንበሩን በሰላም ተሻገሩ። ግሪክ ገብተው ጥቂት እንደሄዱ ሾፌሩ ሰው ቡና እንዲቀምስ አንድ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ጋ አቆመ። ቫንጄል ሚስቱን እጇን ይዞ አወረዳት፣ ወንበር ፈልጎ አስቀመጣት፣ "ውሃ ላምጣልሽ" ብሎ ሄደ። ውሃው አልመጣም። የመጣው የብርጭቆ መሰበር ድምፅና የሰው ሩጫ ነው።

ኦሊምቢ ጩኸቱን ተከትላ እየተደናበረች ስትደርስ ባሏ መሬት ላይ ተዘርግቷል። የበላው ሁሉ ደረቱ ላይ ወጥቷል፤ ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል። እጁን ስትይዘው ቀዝቅዟል። "ቫንጄል" አለችው፤ አልመለሰም። እሷ አንዲት ቃል ግሪክኛ አታውቅም። ግሪክኛ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ደግነቱ አምቡላንስ ቶሎ መጣ። ሌዲና ሮጣ መሃል ገብታ ታስተረጉም ጀመር። አንደኛው የሕክምና ሠራተኛ መቀስ አውጥቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

"እትዬ ኦሊምቢ" አለች ሌዲና፣ "ልብሳቸውን ቀደው ልባቸውን ሊያዩ ነው። ውስጡ የሚፈለግ ነገር አለ ወይ? ገንዘብ፣ ወረቀት፣ ምንም ነገር ካለ ለይተን እናስቀምጥ ይላሉ።"

አውቶቡሱ በሙሉ ወርዶ ከቧቸው ነበር። ሁለቱ ጆሮ የጣሉትም፣ ወፍራም ድምፅ ያለውም። ኦሊምቢ ወደ ባሏ ጎንበስ አለች። ዓይኑ ተከፍቶ እሷ ላይ እንደተተከለ ገመተች፤ የጠቆረ ነገር ወደሷ ሲቁለጨለጭ ይታያታል። 'ቃልሽን' እያላት መሰላት። ደግሞስ ልብሱ የት ይሄዳል፣ ከሱው ጋር ነው የሚጫነው ብላ አሰበች።

"የለም" አለች።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ምንም የለም አልኩሽ።" ሌዲናም ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ ቦታ ቀይረውት ይሆናል ብላ መልሱን አስተላለፈች።

መቀሱ ከታች እስከ ላይ ሲሄድ የራሷን ስፌት ሲበጥሰው ሰማችው።

ሌዲና አውቶቡሷን ትታ አብራቸው ሄደች። በቅርብ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ቫንጄልን ወደ ውስጥ ይዘውት ሲገቡ ኦሊምቢ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ተሰጣት። ከዚያም ቁጭ ብላ ጠበቀች። ምላሷ ደርቆ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። ከጎኗ ሳንቲም ሲገባበት ውሃ የሚሰጥ ማሽን ያጓራ ነበር፤ ቦርሳዋ ውስጥ ደግሞ እንቁላል ነው ያለው። በዚያ ዕድሜዋ ውሃ አጠጡኝ ብሎ መለመን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያወቀችው ያን ቀን ነው። ሌዲና ስልክ ደውላ ስትመለስ ነገሩን ከፊቷ አነበበች። ካርዷን ማሽኑ ላይ ነካ አድርጋ ውሃ አመጣችላት።

ኦሊምቢ ጠጥታ ስትጨርስ፣ ሰው አለመኖሩን በጆሮዋ አጣርታ፣ "ልጄ" አለች በሹክሹክታ። "ልብሱ የት ነው?"

"የትኛው ልብስ?"

"ሰደርያው።"

የሌዲና የጫማ ኮቴ በኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ተሰማ። ስትመለስ አልሮጠችም።

"ቆሻሻ ነክቶት ስለነበር፣ 'ባለቤታቸውም ምንም የለም ብለዋል' ብለው ከሌላው ጋር ለቃጠሎ አስገብተውታል። እሳቱ ጋ ሄጄ አይቻለሁ፤ አመድ ሆኗል።" አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። "ለምን አልነገሩኝም እትዬ? ጠየቅኩዎት እኮ።"

"ቃል ነበረብኝ" አለች ኦሊምቢ።

ቫንጄል ተረፈ። ለሱ መድኃኒት የሚሆነውን ገንዘብ የኤርሰካ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ላከ። በማን በኩል? ሌዲና የባንክ ቁጥሯን በስልክ ሰጠች፤ ቡና ጠጥታ ሳትጨርስ ገባላት። ሽማግሌው ተኝቶ ሳለ፣ ያልታመነው ባንክ ስለ ነፍሱ ይከፍልለት ነበር። ለዓይን የሚተርፍ ግን አልነበረም። ዘመዱ ሁሉ ድሃ ነው፤ ያለውን አንዴ አሟጦ ልኳል። እርሻው አንድ ነበር፣ እሱም ተሸጧል። ወሩም አለቀ።

ቫንጄል አንደበቱ ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ሰደርያው ነው። ማንም ሊነግረው አልደፈረም፤ ኦሊምቢ ራሷ ነገረችው። ሌዲና አልጋው ግርጌ ቆማለች።

"ለምን የለም አልሽ?" አላት ቫንጄል።

"አንተ ራስህ ንገሪ እስክትለኝ አይደል ቃሌ?"

"ብዬሽ ነበር እኮ።"

"መቼ?"

"መሬት ላይ ሳለሁ። አፌ ተያዘ እንጂ ዓይኔ ሲጮህ ነበር። ንገሪ፣ ንገሪያቸው፣ ቃልሽ ይቅርብኝ እያልኩሽ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያየን እኮ ኦሊምቢ።"

"አልተያየንም" አለች። "ዓይንህን ካየሁት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ፊትህ ለኔ ጉም ነው። እንዳትደነግጥ ብዬ ይህን ያህል መጨለሙን ካልነገርኩህ የኔ ጥፋት ነው፤ ግን እኔ ዓይን ማንበብ ብችል ኖሮ ምን ልናደርግ ተሰሎንቄ እንሄድ ነበር?"

ቫንጄል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሌዲናም አለቀሰች።

"ጥፋቱ የኔም ነው ጋሼ" አለች። "አውቶቡስ ውስጥ አፌን ባልከፍት፣ ሰዉ ሁሉ ባይሰማ፣ እትዬ ይነግሩኝ ነበር። ያወቅሁ መስሎኝ አዋረድኩዎት።"

"ነገሩን ከአንቺ አታድርጊው። ጠየቅሽን እኮ። ሰደርያው ቢጠፋስ አልሽኝ፤ እኔ ደግሞ ሰው ለማሳቅ መለስኩልሽ።" አፍንጫውን ጠረገ። "አሁን ማንም አይስቅም። እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ቀስ እያልሽ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?"

ሌዲና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ያ ሁሉ እውቀቷ ከብዷት እንደነበር ኦሊምቢ ከድምጿ አወቀች።

"የሆስፒታሉን ክፍያ ቀድመው በባንክ ቢልኩት ኖሮ" አለች፣ "እርስዎ እዚህ ተኝተው እትዬን እኔ ይዣቸው እሄድ ነበር። ገንዘቡ እርስዎን አይጠብቅማ፤ እዚያ ደርሶ እሳቸውን ይጠብቃቸው ነበር።"

"እሺ።"

"ካርድ ቢኖርዎት፣ ካርዱ ከልብስዎ ጋር ቢቃጠልም ባንኩ ሌላ ይሰጥዎታል። እሳት ፕላስቲኩን እንጂ ገንዘቡን አያገኘውም።"

"እሺ።"

"ገንዘብ የት እንዳለ ደግሞ ከሚያምኑት ሰው አንዱ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ለመናገርም መብት ይኑረው። እርስዎ ብቻ የሚከፍቱት ነገር እርስዎ ሲወድቁ አብሮ ይዘጋል።"

ቫንጄል እጁን ዘርግቶ የሚስቱን እጅ ፈለገ።

"ውሃስ?" አለ ቆይቶ። "ያን ቀን ውሃ ላመጣልሽ ነበር። ማን ሰጠሽ?"

"እሷ ናት የገዛችልኝ" አለች ኦሊምቢ። "በካርዷ።"

በቀጣዩ ጸደይ ቫንጄል ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ ቢያልፍም ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ተበድሮም፣ የልቡን ሕመም ይዞ ድንጋይ ጠርቦም ገንዘቡን እንደገና ሞላው። ወደ ተሰሎንቄም ላከው፤ ሚስቱን ይዞ ሲደርስ ክፍያው ቀድሞት ደርሶ ስሟ በወረቀት ተጽፎ ይጠብቃት ነበር። ሁሉ ነገር ልጅቷ እንዳለችው ሆነ። ሐኪሙ ግን ቀኝ ዓይኗን በመብራቱ አይቶ ገንዘባቸውን መልሶ ላከላቸው። የሚሠራ ነገር አልቀረም አለ። የተመለሰው ገንዘብም ሳይጎድል በባንኩ ገባ፤ ቫንጄል ያን ቀን ደረሰኙን ይዞ እንደ ሕፃን አነባ።

ከዚያ ወዲህ ኤርሰካ የአውቶቡስ መናኸሪያ የሄደ ሰው ቫንጄልን አያጣውም። ጠዋት ጠዋት አግዳሚው ላይ ይቀመጥና የሚሳፈረውን ያያል። ደረቱን የሚዳብስ ሰው ካየ ተነስቶ ወደ ጎን ያወጣዋል፤ ሰው እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደረትህን ያምሃል?" ይለዋል። ከዚያ ያስረዳዋል። ትልቁን ክፍያ ከመንቀሳቀስህ በፊት ላክ፣ ደረሰኙን ያዝ። ካርድ አውጣ፤ ከመሄድህ በፊት ለባንኩ የምትሄድበትን አገር ንገር፣ የሚዘጋበትን ስልክ ሌላ ቦታ ጽፈህ አስቀምጥ። ማሽኑ በአገርህ ገንዘብ ላስላልህ ካለህ አይ በለው። ለዕለት የሚሆንህን ትንሽ ዩሮ ከባንክ መንዝረህ ያዝ፣ ድንበር ላይ ከሚያንዣብቡት አትመንዝር። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ "ሽማግሌው ጃጀ" ብሎ ያልፋል። ሚስቱን ይዞ የሚሄድ ከሆነ ግን ቫንጄል መንገድ ዘግቶ ይቆማል እንጂ አያሳልፈውም። "የሷ የታለ?" ይላል። "የሷን ድርሻ አሳየኝ። እኔ ሚስቴ ውሃ መግዣ ሳይኖራት ነው ይዣት የሄድኩት።" በዚህ ምክንያት ስንት ሴት ቦርሳዋ ውስጥ የራሷን ይዛ እንደተሳፈረች እኔ አላውቅም፤ እሱ ግን ባላተርፋቸውም እንኳ ቢያንስ እንዳይለምኑ አደረግኩ ይላል።

ለኦሊምቢም ካርድ አወጣላት፣ በራሷ ስም። የጡረታዋ ገንዘብ በዚሁ ካርድ ሂሳብ ይገባል። ወር ሲገባ እጇን ይዞ ባንኩ ግድግዳ ላይ ያለው ማሽን ፊት ያቆማታል። ከቁጥሮቹ መካከል መሃለኛዋ ላይ እብጥ ያለች ነጥብ አለች፤ ኦሊምቢ ጣቷን ከዚያ አስነስታ ሌሎቹን ትደርስባቸዋለች። መርፌ እንደያዘችበት ጊዜ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነው የምትዳብሰው።

"ዞረሃል?" ትለዋለች ከመንካቷ በፊት።

"ዞሬያለሁ።"

"አላይህም እንግዲህ። ቃልህን ነው የማምነው።"

"ቃሌ ነው" ይላል ቫንጄል። እውነቱንም ነው፤ ጀርባውን ሰጥቷት ወደ ሜዳው ያያል። ያ ሜዳ የአባቱ ፖም የነበረበት ነው።

ገንዘቡ ሲወጣ ኦሊምቢ በጣቷ እየለየች ግማሹን ጥቁር ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። የቀረውን ግማሽ የባሏ ድምፅ ወደመጣበት ትዘረጋዋለች።